ቀለሙን ተወውና በሩን ክፈትልኝ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ አሁንም ዋጃ ያለች እህቷን መጠየቅ አልተወችም፤ አንተ በመረጥካት መኪና የምወስዳት እኔ ነኝ።

ሰሞኑን ጎረቤታችን መምህር ሰይድ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና «አባትሽ እንደመረጠው አድርገሽ መኪና ምረጪልኝ» አሉኝ። ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ።

ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተህ ግራ ጉልበትህ አልታጠፍ ሲል፣ ወንድሜ አህመድ «ከእንግዲህ በባጃጅ መሳፈር ይበቃሃል» አለህ። አልተቆጣህም። መጀመሪያ ዓይንህን ተመረመርክ፤ «ዓይኔ ከከዳኝ መሪ አልነካም» ብለህ። ደህና ነው ሲሉህ ነው መኪና ፍለጋ የወጣነው።

ቆቦ ላይ ደላላው ዝቅ ያለች፣ የምታብረቀርቅ አውቶሞቢል አሳየን። ስለ ቀለሟ ሲያወራ «ቀለሙን ተወውና በሩን ክፈትልኝ» አልከው። መግባቱን ገባህ፤ ለመውጣት ግን እኔና ደላላው ጎትተን አወጣንህ። እኔ ተሳቀቅኩ፤ አንተ ሳቅክ። «ገብቼ የማልወጣበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለጊዜው ይቆየኝ» አልክ።

ጎብዬ ላይ ያገኘናት ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ ነበረች። መቀመጫዋ ግን ከዳሌህ እኩል፣ በሯ ሰፊ ነው፤ አውቶማቲክ ስለሆነች ግራ እግርህ ያርፋል። ጀርባህን ሰጥተህ ቁጭ አልክ፣ እግሮችህን አንድ በአንድ አስገባህ፣ ያለ ማንም እርዳታ ወጣህ። ሦስት ጊዜ ደጋገምከው። መሪዋን አዞርክ፣ ፍሬኗን ረገጥክ፣ በስፖኪዮዋ ኋላህን አየህ። ከዚያ አብራን የመጣችውን እማዬን ጠርተህ እሷንም አስገብተህ አስወጣሃት። እሷም ጉልበቷን እንደሚያማት ከመካከላችን ያሰበ አንተ ብቻ ነበርክ።

አራት ዓመት ነዳሃት። አንድ ቀን ከጎብዬ ስንመለስ ፍየሎች መንገዱን አቋረጡ፤ እግርህ ፍሬኑ ላይ ለመድረስ ዘገየ። ማንንም አልነካንም። ግን ዳር ይዘህ አቆምክ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጥክና «በቃኝ ልጄ፤ ከዚህ አንቺ ንጂ» አልክ። ሌላው አባት ልጆቹ ለምነውት፣ ተጣልተውት የማይተወውን፣ አንተ ማንም ሳይነግርህ ተውክ። ያን ዕለት እያለቀስኩ ነው የነዳሁት፤ አንተ ግን ከጎኔ ተቀምጠህ የማሽላውን ማሳ ታይ ነበር።

ለመምህርም መኪና ተገኘላቸው፤ ያለ ደጋፊ ገብተው ወጡና «ለአባትሽ አላህ ይዘንለት» አሉኝ።

አልረሳህም አባዬ። የእኔም እግር የሚዘገይበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን እንዳንተ ራሴ አውቄ ዳር እንድይዝ ዱዓ አደርጋለሁ።

ልጅህ ዘሐራ