አባቴን ያላወቀው በር

ሐምሌ 3
ቀኑን ሙሉ ቢሮ፣ ስዕል ሳርም። ከሥራ በኋላ አባባ ጋ ሄድኩ። አዲሱ ቤት ከገባ ሦስት ሳምንቱ። እኔ የነደፍኩት ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ። አርባ ዓመት ግንበኛ የነበረ ሰው አይደል፣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና "ልስኑ ቀጥ ብሏል፣ የሠራው እጁ ይባረክ" አለ። ስለ ንድፉ ምንም አላለም። ትንሽ ከፋኝ።

በወሩ መጨረሻ ስለዚሁ ሕንፃ የአደባባይ ክርክር አለ። "ብልህ፣ ዘላቂና ሰው ተኮር ንድፍ።" ነዋሪዎቹም ይጋበዛሉ። አለቃዬ "ቢሮውን ወክለሽ አንቺ ተናገሪ" አለኝ። ደስ ብሎኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ሐምሌ 8
የሕንፃው መግቢያ በር አባባን አላውቅህም ብሎታል። ከውጭ የሚከፈተው በጣት አሻራ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ጎረቤት እየተከተለ ሲገባ ኖሯል... ለኔ ሳይነግረኝ። የበሩ ቴክኒሻን ተጠርቶ የአባባን አሥሩንም ጣት ሞከረ።

"አሻራቸው አልቋል። ሲሚንቶ በልቶታል።"

አባባ ሳቀ። "ይሄን ባውቅ በደህናው ጊዜ ሌባ እሆን ነበር።"

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አምና ስብሰባ ላይ የሕንፃውን መስመር የዘረጋችው ኤሌክትሪሻን "በሩ ቁልፍም ይኑረው፣ ማሽኑ የማያውቀው ሰው ቢመጣስ?" ብላ ነበር። ማን ነበር የመለሰላት? እኔ። "ቁልፍ ካለው ብልህነቱ ምኑ ላይ ነው?" ሁሉም ሳቁ።

ሐምሌ 11
ቁልፍ ይገጠም ብዬ ጠየቅኩ። "ከክርክሩ በፊት በሩን ብንነካካው ምን ይሉናል? ትንሽ ታገሺ" አለ አለቃዬ። እሺ አልኩ። ምን ነበር እሺ ያሰኘኝ?

ሐምሌ 19
አባባ ከስቷል። መግባቱን እየፈራ መውጣት ትቷል። ከወጣም ጠዋት ውሃ አይጠጣም።

"ደጅ ቆሜ ሽንቴ ቢመጣስ፣ ልጄ? በዚህ ዕድሜዬ?"

እኔ ጋ ና አልኩት። "የራሴ ቤት እያለኝ?" አለ።

ሐምሌ 28
ልጻፈው ብቻ።

ነዋሪዎቹ ወደ ክርክሩ አዳራሽ በአውቶቡስ መጡ። አባባ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ቀረ። ጥሩ ተናገርኩ። ኤሌክትሪሻኗ ከኋላ ተነሳችና "በሩ ለማያውቃቸው ሰዎች ምን አሰባችሁ?" አለች።

"ጥቂት ናቸው፣ በሂደት ይስተካከላል" አልኳት። ጥቂት... ተጨበጨበልኝ።

ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ድምፁን አጥፍቼ። አባባ ስድስት ጊዜ ደውሏል። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ዝናብ መጣበት። የሚከፍትለት አልነበረም። ሁሉም እኔን ሊሰሙ መጥተዋል። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆሞ በሰበሰ። ከዚያ በጓሮ በኩል አጥር ዘልዬ ልግባ አለ። የሰባ አራት ዓመት ሰው።

ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል።

ሐምሌ 29
ሆስፒታል። ለነርሷ በአገጩ እያሳያት "ሕንፃውን የነደፈችው እሷ ናት፣ የኔ ልጅ" ይላል። አልቻልኩም። ነርሷ ስትወጣ ነገርኩት። ቁልፉን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ አባባ።

"እኔም አጣምሜ የገነባሁት ግድግዳ ነበር" አለ። "ሰው ሳያየኝ ለስኜ ተውኩት።" ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ነሐሴ 6
ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። ተኝቶ ሳለ ሳንባው ተይዞ ነው አሉ ሐኪሞቹ። አባባ የለም።

ነሐሴ 25
ስለ አባባ አደጋ የቢሮው ሪፖርት "በነዋሪው ጥንቃቄ ጉድለት" ይላል። አልፈርምም አልኩ። የራሴን ጻፍኩ፤ አምና ያልኩትን ቃል በቃል፣ እሺ ብዬ ዝም ያልኩበትን ቀንም ጭምር። ለነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰጠሁ። በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበትኩ። ኮሚቴው ግን ቁልፍ አስፈቀደ።

ዛሬ ኤሌክትሪሻኗ በዕረፍት ቀኗ መጥታ ገጠመችው። መሰርሰሪያውን አቀበልኳት።

ከዚያ ቁልፎቹን በየፎቁ አደልኩ። ሁለተኛ ፎቅ አንዲት እናት ከፈቱልኝ። ዕድሜያቸውን በልብስ አጣቢነት ነው የገፉት፤ ጣታቸው ልሙጥ ሆኗል።

"እኔንም አያውቀኝም ነበር፣ የኔ ልጅ። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለመሆኑ ይሄን በር ያመጣው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

ቁልፉን ተቀበሉኝ። አልተቆጡም፣ አልመረቁኝም። ቀስ ብለው በራቸውን ዘጉ።