የሪራ መስመር እስከ አምስት ሰዓት

ሰኞ

ጥያቄው ይሄዳል፣ መልሱ አይመለስም። ከሐሙስ ጀምሮ ሪራዎችን ያለ ኢንተርኔት ያስቀመጣቸው ነገር ይኸው ነው፤ እኔ ዛሬ ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አራት ሰዓት ሳይሞላ አገኘሁት። ጉራ ነው፣ አውቃለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ካልጎረርኩ የት ልጎርር?

የሪራ ጤና ጣቢያ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከእኛ ከሮቤ ቢሮ ነው፤ ሰነቲ ተራራ ላይ በተተከለው ምሰሶ አልፎ፣ በሬዲዮ። ባለፈው ሳምንት የራሳቸውን ሳብኔት ሰጠኋቸው። ለብቻቸው የተከለለ የአድራሻ ሰፈር ማለት ነው። ዛሬ የፈተሽኩት፦

— ከሮቤ ሪራን ጠራሁ፤ አቤት ይላል።
— ከሪራ ሮቤን፤ ይደርሳል።
— ከሪራ ወደ ውጭ፤ ጭጭ።

በሩን የሚጠብቀው ፋየርዎል የሪራን ጥያቄ ያስወጣል፤ መልሱ ሲመጣ ግን አዲሱ ሰፈር የት እንዳለ የነገረው የለም። መንገዱን ጻፍኩለት፤ ተከፈተ።

የሪራዋ አዋላጅ ሲስተር ሐሊማ ደወለች። ስልክ የሚይዝላት ከጤና ጣቢያው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ እያለከለከች ነው የምታወራው። «ማሻአላህ! እጅሽ ይባረክ! ለዓርብ ደረሽልኝ።»

ዓርብ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የጎባው ሐኪም የኑሪያን አልትራሳውንድ እዚያው ሆኖ በቪዲዮ ያያል። ኑሪያ ስምንተኛ ወሯ ነው። ሐሊማ ልጁ አግድም የተኛ መስሏታል። ከሆነ ኑሪያ ምጥ ሳይቀድማት ጎባ፣ የእናቶች ማቆያ መግባት አለባት።

ማክሰኞ

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሐሊማ ከጉብታው ላይ፦ «ጠፋ።»

የጻፍኩትን መንገድ አየሁ፤ አለ። ፈቃዱ አለ፤ አረንጓዴ ምልክቱ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አብሮኝ የሚሠራው ደረጀ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ወደ ተራራው በአገጩ አመለከተ። «ደመና ነው።» ለደረጀ ሁሉም ነገር ደመና ነው። ባለፈው ፕሪንተሩ ሲቆምም ደመና ነበር። ደመና ቢሆንማ ከሮቤ ስጠራ ሪራ እንዴት ይመልስልኛል?

በምሳ ሰዓት ፋየርዎሉን አጥፍቼ አስነሳሁት። ቢሮው በሙሉ ረገመኝ፤ የሪራ ነገር ግን ፍንክች አላለም። ቢሆንም አልፈራሁም። ይገኛል።

ረቡዕ

ሦስት ሰዓት ላይ ከፈትኩት፤ ይሠራል! ምንም ሳልነካው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ሳያክሙት የዳነ በሽታ አይታመንም። ደረጀ «ደመናው ተገፈፈ» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ከአምስት በኋላ እንደገና ጠፋ።

ሐኪሙን ሰዓቱን ወደ ጠዋት እንዲያመጣው ለመንኩት። ጠዋት ጠዋት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፤ ከስምንት ሰዓት በፊት አይወጣም። «ታዲያ ኑሪያ ዝም ብላ አትመጣም?» ብዬ ሐሊማን ጠየቅኋት። አማትየዋ አዴ ዘይነባ እምቢ ብለዋል አለችኝ። «ሐኪሙ ራሱ አይቶ ካልነገረኝ ምራቴን ሰነቲን አላሻግርም» ብለዋል። ባልየው ቃሲም ደግሞ ከእናቱ ቃል አይወጣም።

እንግዲህ ነገሩ እኔ ላይ ወድቋል። የሰነቲው ምሰሶ ባትሪ ይሆናል፤ ነገ ራሴ እሄዳለሁ።

ሐሙስ

ፊቴ እስካሁን ይግላል። ቢሆንም ልጻፈው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ከሾፌሩ ጋር በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተነሳን። ሰነቲ ላይ ወርጄ ባትሪውን ለካሁ፤ ሙሉ ነው። ጣቶቼ እስክሪብቶ መያዝ እስኪያቅታቸው ደነዘዙ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ። አራት ሰዓት ላይ ሪራ ስገባ ኢንተርኔቱ እንደ ጉድ ይሠራል።

ሐሊማ ሻይ በማር ሰጠችኝና መዝገቧን አመጣች። ልጅ የተወለደበትን ደቂቃ የምትጽፍ ሴት ናት፤ የመስመሩንም መጥፊያ እንደዚያው ጽፋዋለች። ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት። ረቡዕ፣ አምስት ሰዓት። ሰኞም ከአምስት በኋላ አልሠራም፣ ግን እኔ በጣም ደስ ብሎኝ ስለነበር ልትነግረኝ አፈረች። አቤት የኔ ነገር!

ደመና ሰዓት አክብሮ አይገባም። ሰዓት የሚያከብር ሰው ወይም ማሽን ነው። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ልክ አምስት ሲል ድርግም።

ከሮቤ ጋር ያለው መስመር ስላልተቋረጠ የሮቤውን ፋየርዎል እዚያው ሆኜ ከፈትኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔ የመንገዱ ገጽ ላይ ተተክሎ ነበር፤ አሁን የሰዓቱን ገጽ ከፈትኩ። ለሪራ የተፈቀደው ሰዓት፦ ከ2፡00 እስከ 11፡00። የሞላሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሐሊማን በስልክ «የሥራ ሰዓታችሁ?» አልኳት፤ «ከሁለት እስከ አሥራ አንድ» አለችኝ፤ እንደሰማሁ ጻፍኩ። ማሽኑ ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የእሱ አሥራ አንድ የእኛ ጠዋት አምስት ሰዓት ነው። ሰው በተኛበት ሌሊት ኢንተርኔት ከፍቼ፣ በቀን በሽተኛ ሲሰለፍ ዘግቼባቸዋለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይኼ ነው።

ለሐሊማ ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው ሥራ የምገባው? ወላሂ፣ አንቺ አለቃዬ ብትሆኚ አልቄ ነበር!»

አብሬ ሳቅሁና በፈረንጁ አቆጣጠር 8 እና 17 ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ሳቋን አቆመች። «ሄለን፣ ቆይ እስቲ። ምጥ የሥራ ሰዓት ያውቃል?»

ሰዓቱን የገደብኩት የሰፈሩ ጎረምሶች ማታ ፊልም እንዳያወርዱበት ብዬ ነበር። ይህን አልነገርኳትም፤ አፈርኩ። ገደቡን ሙሉ በሙሉ አነሳሁት። ደረጀ ነገ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ስምንት ሰዓት ላይ ሞከርነው፣ አሥር ላይ ሞከርነው። ይሠራል። ሐሊማ ቤት አድራለሁ፤ ሾፌሩም እዚሁ ያድራል።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ መጡ። ኑሪያ ዝምተኛ ናት፤ አዴ ዘይነባ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። አዴ ዘይነባ አዩትና ወደ እኔ ዞር ብለው «ይኼ ልጅ ነው ሐኪሙ?» አሉ።

ሰምቷቸዋል፤ አልተቀየመም። በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፣ ከብቱን ጠየቀ፣ ዝናቡን ጠየቀ፣ ከዚያ ነው ወደ ሥራው የገባው። ሐሊማ መሣሪያውን የኑሪያ ሆድ ላይ አንሸራተተች። ምስሉ ሳይቆራረጥ ሄደለት። እኔ የኬብሉን ጫፍ በጣቴ ይዤ ቆሜያለሁ፤ መያዜ ምንም እንደማይጠቅም እያወቅሁ።

«አግድም ነው» አለ። «የእንግዴ ልጁም ዝቅ ብሏል። እናቴ፣ እዚያ ምጥ ከመጣባት ሁለቱንም ልናጣ እንችላለን። ዛሬውኑ ትምጣልኝ።»

አዴ ዘይነባ ድምፃቸውን ሳያነሱ፦ «እኔ ልጄን በዚያ ተራራ ብቻዋን ልኬ አልተመለሰችልኝም። ይህችኛዋን ብቻዋን አልክም።»

እልኸኛ ሴት ናቸው እያልኩ ሁለት ቀን ሳማቸው ከርሜያለሁ።

«ብቻዋን ማን አለ?» አለ ሐኪሙ። «እርስዎም አብረው ይምጡ። ማቆያው ውስጥ ለእርስዎም አልጋ አለ።»

«ለእኔም?»

«ለእርስዎም።»

ሻላቸውን አጠበቁ። «እንግዲያው ምን ትጠብቃላችሁ?»

የእቃ ቦርሳዬን ወደ ኋላ ወርውሬ አራታችንም በመኪናው ሄድን። ቃሲም ከብቱን የሚጠብቅለት ስላልነበረ ቀረ። ሰነቲ ላይ አዴ ዘይነባ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የኑሪያን እጅ አለቀቁም። ለሾፌሩ ቀስ በል ማለት አላስፈለገም።

ቅዳሜ

ምጡ ንጋት ላይ መጣ፤ ማንም አልጠበቀውም። ሐኪሙ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባት። ሴት ልጅ። ትንሽ ናት፣ ግን ጩኸቷ የጤነኛ ነው። ኑሪያ ብዙ ደም ፈሷታል፤ እሱም ቆሟል። ትናንት ባንነሳ ኖሮ ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

አዴ ዘይነባ ደወሉልኝ፤ ከሮቤ ጎባ ስንት ነው፣ ሄድኩ። ልጅቷን ለአባቷ አሳዪልኝ ብለው ነው። ሐሊማ ቃሲምን ጤና ጣቢያው አስቀምጣዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ደወልኩ፤ ገባ። አዴ ዘይነባ ሕፃኗን ወደ ስልኩ አስጠጉ። አየና ሳቀ፤ ከዚያ ግን «ኑሪያስ? ኑሪያን አሳዩኝ» አለ።

ስልኩን ወደ አልጋው ወሰድኩት። ኑሪያ ዓይኗን ገልጣ ስሙን ጠራችው።

የቃሲም ምስል ቀጥ አለ። አይንቀሳቀስም፣ ድምፅ የለም። አሁንም ተቋረጠ ብዬ ክው አልኩ፤ ቅንብሩን ልከፍት እጄን ስዘረጋ መዳፉን አንስቶ ዓይኑን ጠረገ።