የምዕራፍ አራት የግርጌ ማስታወሻ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

መብራት የለም። ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ያለው ቢሯችን ተቀምጬ ለጥናታችን የማይክሮፋይናንስ መመሪያውን ከዐረብኛ አሳጥራለሁ። ተበዳሪ ብሔራዊ የመታወቂያ ቁጥር ይኑረው። ደመወዝተኛ ዋስ ያቅርብ። ያለ ፈቃድ ቁጠባ መሰብሰብ ያስቀጣል። ምዕራፍ ሁለት አለቀ። አለቃዬ ዶ/ር ካሚል ጥሩ ነው አለኝ። ሲያመሰግኑኝ እንዴት እንደምሞኝ አንቺ ደብተሬ ታውቂያለሽ።

ውጭ ግድግዳው ሁሉ የአብዮቱ ሥዕል ነው። አዲስ መንግሥት፣ አዲስ ሕግ ይላሉ። ሕጉ ውስጥ ግን እኛ የለንም። የሐበሻ ሠራተኛ ማን ዋስ ይሆናታል? የሐበሻ ሠራተኞቹን ም. አራት ላይ አስገባቸዋለሁ። ካሚል ወደደም ጠላም።

ጥቅምት 7፣ አርብ፣ 12 ሰዓት

ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር መመለሴ ነው። እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፣ አንድ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት በሠራተኝነት ኖራለች። የሴቶቹ እቁብ ዳኛ እሷ ናት። አሠሪዎቿ አርብ አርብ ለምሳ ወንዙን ተሻግረው ኦምዱርማን ሲሄዱ ሴቶቹ ከጓሮ ክፍሏ ይሰበሰባሉ። አሠሪዎቿ አያውቁም።

በር ላይ፣ «አንቺ የተማርሽው፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ምርምርሽ ምንጣፌን እንዳያቆሽሽ» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁብኝ።

ዕጣ የወጣላት ገና ካልደረሳቸው መካከል ዋስ ትጠራለች። የተጠራችውም ከልቧ ትጠብቃታለች፤ የራሷ ተራ ፊቷ ነው። ባንኩ ያጣው ዋስ እዚህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል! ከድጃ የምትባል ልጅ ተራዬ ዘገየ ብላ ተጨቃጨቀች፣ ዘይነባ ገሠጸቻት።

ስወጣ ዘይነባ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። ቤቱን እንዳልጽፍ። ወላሂ አልኩ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ከሰዓት

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ ቢሮ ስገባ ጥናቱ ታትሞ ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ የካሚል ስም ብቻ። የእኔ የትም የለም፣ ምስጋናው ውስጥ እንኳ። ገብቼ ጠየቅኩት። የውጭ ዜጋ ስም ሪፖርቱን ያቀልለዋል አለ። ቀጥሎ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሱ ፊርማ እንደሚታደስ አስታወሰኝ፣ እንደ ቀልድ። ሌባ አልኩት፣ በዐረብኛ፣ የቢሮ ጸሐፊዋ እየሰማች። አልተጸጸትኩም። ነገም እለዋለሁ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ፣ 11 ሰዓት

ከእቁቡ ሴቶች አንዷ ደወለችልኝ፤ የማይክሮፋይናንስ ተቆጣጣሪዎች ሪፖርቱን ይዘው ዘይነባ ቤት ሄዱ። አሠሪዋን ጠሩ። ወረቀቶቿን ወሰዱ፣ እሑድ መ/ቤት ቅረቢ አሏት። አሠሪዋ በዚያው ሰዓት ዕቃዋን በር ላይ አወጣች።

ም. አራትን ከፈትኩ። ግርጌው ላይ አለ። መንገዱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ካሚል ምንጭሽ የታለ ሲለኝ፣ ፈጥራ ጻፈች እንዳይለኝ ፈርቼ። ም. ሁለት ላይ ያስቀጣል ብዬ ጽፌ፣ ም. አራት ላይ አድራሻ ሰጠሁ። በአንድ እጅ።

ከዚህ የባሰም አለ፣ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን? መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። እንኳን ስሜ አልኖረ አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ የጮህኩበት ስም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ 8 ሰዓት

ዘይነባ ደወለች። ኦምዱርማን ዘመድ ዘንድ ተጠግታለች። ትወቅሰኛለች ብዬ ጠበቅኩ። የእሑዱን መጥሪያ ወረቀት እንዳነብላት ነው የፈለገችኝ። «የኛ ሰው የምላት አንቺን ነው፣ ልጄ» አለች።

ተቆጣጣሪዎቹ የያዙትን ጥራዝ ከሴቶቹ ማንም አላነበበውም፤ ማን እንደጠቆመ አውቀናል አለችኝ። ከድጃ። በተራዋ መዘግየት ተቀይማ ነው። ሴቶቹ ከእቁቡ አስወጥተዋታል፣ አብራት የምታድረው ልጅ ፍራሿን ከክፍሉ አውጥታባታለች። ወላሂ እኔ አይደለሁም እያለች ስታለቅስ ማንም አላመናትም።

እኔ ምን አልኩ? ኢንሻላህ ይጣራል። ይህን አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ወላሂ ያልኩት እኔ ታመንኩ፣ እሷ አልታመነችም። ፊቴን መስታወት ላይ ማየት አልቻልኩም።

ጥቅምት 21፣ አርብ፣ 4 ሰዓት

አልተኛሁም። ካሚል መልእክት ልኳል፤ ይቅርታ ከጠየቅኩ ኢቃማው ይታደሳል። አልመለስኩለትም። እሱ የሰረቀኝ እውነት ነው። ግን የከድጃን ፍራሽ ያስወጣባት እሱ አይደለም።

ሴቶቹ ዛሬ ዘይነባ ያረፈችበት ይሰበሰባሉ፣ እቁቡን ለማፍረስ። ሪፖርቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። እሑድም አብሬያት መ/ቤቱ እገባለሁ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ፣ ኢቃማ ኖረኝም አልኖረኝም። ይቅር እንዲሉኝ አልጠይቅም፣ ያን የመጠየቅ መብት የለኝም። ቢያባርሩኝም ተናግሬ ነው የምወጣው።

ከድጃ ትምጣ ብዬ ለዘይነባ ደውያለሁ። ለምን አለችኝ። ስደርስ እነግርሻለሁ አልኩ፣ የገባት ይመስለኛል፤ ሌላ ሳትጠይቅ «ትመጣለች» አለችኝ።

ድልድዩን ወደ ኦምዱርማን የሚሻገረው አውቶቡስ ሊነሳ ነው። ገብቼ ሳልቀመጥ መጀመሪያ የከድጃን ስም እጠራለሁ። ከዚያ የራሴን።