አርባ ስምንት ቆርቆሮ

ሚያዝያ 18 ቀን 2006
ቅዳሜ። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ከሰዓት አናጢው ጋሽ ደሴ መጡ። የእማዬን ቤት የሣር ክዳን በቆርቆሮ ልንቀይር ነው። ያፈሳል፤ ሳሏም ጠንቶባታል። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና “አርባ ስምንት ቆርቆሮ” አሉ። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ...

ሚያዝያ 19
በሜትር ለካሁት። ስምንት በስድስት። ቆርቆሮው ሁለት ሜትር በዘጠና ሳንቲም። ሁለት ጊዜ አሰላሁ... ሃያ ሰባት! ሃያ አንዱስ የማንን ቤት ሊከድን ነው?

ሚያዝያ 22
ከደሴ ጋር ቆርቆሮ ሻጩ ዓለምነው ጋ ሄድን። እንደገባን ሁለቱ በአውኚ ቋንቋ ማውራት ጀመሩ። እዚሁ ቆሰበር አድጌ አለመማሬ ዛሬ ቆጨኝ። ደሴ ወደኔ አየ፣ ዓለምነው ሳቀ። ተመሳጥረዋል። ሌላ ምን ይሆናል? “አስቤበት እመለሳለሁ” ብዬ ወጣሁ።

ሚያዝያ 24
ደሴ ሊያታልለኝ ነበር ብዬ ለጎረቤቴ ለእታለማሁ ነገርኳት። “ውይ! እኛም እኮ ለልጄ ቤት ልንይዘው ነበር” አለች። ተይው አልኳት። ደግ አደረግሁ... አይደል?

ግንቦት 2
ሃያ ሰባቱን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ይሄነው የሚባል አናጢ ያዝኩ። ሣሩ ወረደ።

ግንቦት 5
ይሄነው አንዱን ጎን ከድኖ ወረደ። “የቀረው ቆርቆሮ የት አለ?”
ግድግዳው ላይ የተደገፈው ሦስት ብቻ።
“መምህርት፣ የለካሽው ወለሉን ነው። ጣሪያ እኮ ያዘቀዝቃል፣ ከግድግዳው ወጣ ይላል፣ ቆርቆሮውም ይደራረባል።”
“ስንት ይበቃ ነበር?”
በጣቱ ቆጠረ። “አርባ ስምንት።”
ወዲያው ዘነበ። እማዬን ደግፌ እታለማሁ ቤት አስገባኋት።

ግንቦት 6
ዓለምነው ጋ ሄጄ ሃያ አንዱን ገዛሁ። ያን ቀን ምን ነበር የምትባባሉት? አልኩት።
“ጋሽ ደሴ ‘እናቷ ታማለች፣ ዝናብ ሳይቀድማት ቶሎ አድርስላት’ አሉኝ። እኔም ‘መምህሯ ሳትቆጥር አትወስድም’ ብዬ ሳቅሁ።”
በዚያው ጋሽ ደሴ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። እታለማሁ ሌላ አናጢ ከያዘች ሰንብታለች።
“ሥራው ሄዷል፤ ስሜን ግን መልሺልኝ። ያማሽኝ በሰው ፊት ነው” አሉ።

ግንቦት 10
ቤቱ አለቀ። እማዬ ሌሊቱን አላሳላትም።
ዛሬ ዕድር ላይ ተነሣሁ። “ጋሽ ደሴ አልዋሹም። ማስላት ያቃተኝ እኔ ነኝ።” ሰዉ ሳቀ። “የሒሳብ መምህርት!” አለ አንዱ። ይሳቁ።
ስንወጣ አንድ ሰው “ጋሽ ደሴ፣ የኔን ቤት መቼ ያዩልኛል?” አላቸው።
“ነገ ጠዋት።”
በአጠገቤ አለፉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።