የፈላና በርን ስም ያላስነኩት የጋሽ ኤልሳዕ ሳህሉ የሕይወት ታሪክ (1944–2017 ዓ.ም.)

ጋሽ ኤልሳዕ ሳህሉ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ሳህሉ ወንድይራድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ተክሌ በ1944 ዓ.ም. ሐረር፣ ሐኪም ጋራ ሥር ተወለዱ። ቅድመ አያታቸው ከሸዋ ዘምተው መጥተው እዚሁ የቀሩ ወታደር ናቸው። «አገርህ የት ነው?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ግን ጣታቸውን ወደ ጋራው ቀስረው ያልፋሉ እንጂ ቃል አያባክኑም ነበር።

ፊደል ከየኔታ ቆጥረው፣ ዘመናዊውንም ትምህርት እዚሁ ጨርሰው በ1964 ዓ.ም. ድሬ ጠያራ በመምህርነት ተመደቡ። ኦሮምኛውን እዚያ እንደ አፍ መፍቻቸው አቀላጥፈው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ እስከ ጡረታቸው ሐረር ከተማ ጂኦግራፊ አስተማሩ። ተማሪው ስለ አማዞን ወንዝ ከመስማቱ በፊት የገዛ ሰፈሩን ሥሎ እንዲመጣ ያዙታል። የጎረቤቱን ቤት የረሳ ዜሮውን ታቅፎ ይመለሳል። ዛሬ እዚህ ካለነው መሃል ያቺን ዜሮ የቀመሰ ብዙ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺ ሙሉጌታ ጋር በተክሊል ተጋብተው እዚህ ሰፈራችን ፈላና በር ገቡ፤ ልደትን፣ አማኑኤልንና ማህሌትን ወለዱ።

በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ሰው ሁሉ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ከማህሌት ኮምፒውተር ተማሩ። ኢንተርኔት ላይ የቦታ ስም ቀድሞ ላስመዘገበው እንደሚሰጥ፣ የሰው አገር ስም አጥሮ የሚቸረችር ነጋዴም እንዳለ ሲሰሙ ምግብ አልበላ አላቸው። ወዲያው የፈላና በርን የድረ ገጽ አድራሻ በስማቸው አስመዘገቡና ለሰፈሩ ሰጡት። ማን እንዳረፈ፣ ማን እንደታመመ፣ ውኃ በየትኛው ቀን ለየትኛው መስመር እንደሚለቀቅ፣ የማን ፍየል እንደጠፋች እዚያ ይወጣል። ማስታወቂያ የለም። የሙሽራ ልብስ ኪራዩን ሊለጥፍ የመጣውን ጎረቤት «ግድግዳህ ምን ሆነ?» ብለው ሸኙት።

በ2014 ዓ.ም. ሚኪያስ የተባለው የሰፈራችን ባለሀብት የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍት ተነሣና አድራሻውን ፈለገው። ፈላና በርን ብሎ የሚፈልግ ቱሪስት ሁሉ የሱ በር ላይ እንዲወድቅለት ነው። ለእድሩ አዲስ ድንኳን እሰጣለሁ አለ። የእድሩ ኮሚቴም ጋሽ ኤልሳዕ በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እሺ አለው። የኮሚቴዎቹን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ አሁን የሚያቀረቅሩትን ማየት ይበቃል።

አድራሻው በጋሽ ኤልሳዕ ስም ነበርና የሳቸው ፊርማ ስላስፈለጋቸው ብርቱካንና ወረቀት ይዘው በሽተኛ ጠየቁ። ጋሽ ኤልሳዕ ብርቱካኑን ተቀበሉ፣ ወረቀቱን መለሱ፣ የእድሩ ሰው ሁሉ ይሰብሰብ አሉ። በስብሰባው ቀን አማኑኤልና የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሙሜ ልጅ ነስሮ ደግፈው አመጧቸው።

ሚኪያስ ተነሥቶ እሱም የሰፈሩ ልጅ፣ የእድሩም አባል መሆኑን፣ ስሙም የሱ ጭምር መሆኑን አስረዳ። ጋሽ ኤልሳዕ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ሚኪያስ፣ የማንን ሬሳ ተሸክመህ ታውቃለህ?»

ሰፈሩ መልሱን ያውቃል። መቃብር የመቆፈር ተራው በደረሰ ቁጥር የሚመጣው ከመናኸሪያ የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ ነው።

«ሰው ልኬ የለም እንዴ፣ ጋሼ?»

«እንግዲያው ስማችንንም ለላክኸው ሰው እንስጠው። እሱስ አፈራችንን ያውቀዋል።»

ሳቁ እስከ በሩ ተሰማ። ኮሚቴው አሁንም የድንኳኑን ማርጀት ሊያነሣ ሲል ከልጃቸው ጋር የመጡት ወይዘሮ ሙሜ፣ ድንኳን ካጣችሁ የኛ አፎቻ ድንኳን አለ፣ ሐዘናችሁን እሱ ሥር ተቀመጡ ብለው ነገሩን ዘጉት። አፎቻ ማለት የሐረሪ ጎረቤቶቻችን እድር ነው። ይኸው ዛሬ የተቀመጥነውም እሱ ሥር ነው።

አድራሻው ያኔውኑ ወደ እድሩና ወደ አፎቻው በጋራ ዞረ፤ እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ፣ የአንድ ሰው ንግድ እንዳይወጣበትም በሁሉም እጅ ተወሰነ። ሚኪያስ ማረፊያውን በባዕድ ቃል ሰይሞ ከፈተ። ስሙን እሱም ራሱ አስተካክሎ አይጠራውም። እንግዶቹ መንገድ ሲጠፋቸው የሚጠይቁት ፈላና በርን ነው።

ጋሽ ኤልሳዕ ሕመማቸው ጸንቶባቸው ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በቤታቸው፣ ልጆቻቸው ባሉበት አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ማህሌት እስከ አርባቸው ፎቷቸውን ገጹ ላይ ልታኖር እንዳሰበች ሰምተው ተቆጧት።

«የሁሉም ነው ብዬ የተጣላሁበትን ለራሴ ሐውልት ላደርገው ነው?»

የሳቸውም መርዶ እንደማንኛውም የሰፈር ሰው ገጹ ላይ አንድ ቀን ውሎ ይነሣል። ነገ ጠዋት የሚወጣው የውኃ ተራ ነው።

ጋሽ ኤልሳዕ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን፣ ዜሮ የሰጧቸውንም ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ትተውልን ሄደዋል። የሰፈራችንን ስም ከገበያ ያስጣሉልን አባት ናቸውና፣ እግዚአብሔር የሳቸውን ስም በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን። ለእኛም የሰፈራችንን ስም የምንጠብቅበትን ወኔ ይስጠን። አሜን።