ሉሊትን ከሜዳ ላስወጣ የሄድሁ ዕለት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 2004 ዓ.ም.

ወንድሜ ይድነቃቸው፣

እንዴት ከርመሃል? የልጅ ልጄ ሉሊት ሀርሊንግ የሚባል የአየርላንዶች ጨዋታ ጀምራለች። እንደኛ የገና ጨዋታ ኳስ በዱላ መምታት ነው፤ የነሱ ኳስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአየር ትበራለች። አንተ በገና ጨዋታ ግንባርህ በተፈነከተ ጊዜ ደምህን የጠረግሁት እኔ ነኝና፣ እናቷ «አባባ፣ እርስዎ ይወስኑ» ስትለኝ ላስቆማት ቆርጬ ወደ ሜዳው ሄድሁ።

ወንበሬ ላይ ሳልደላደል የአንዷ ተጫዋች ዱላ የሉሊት ራስ ላይ አረፈ። ምርኩዜን ይዤ «ልጄን ገደላችኋት!» እያልሁ መሀል ሜዳ ገባሁ። ሉሊት ለካ ፊቷን የሚከልል የብረት መረብ ያለው ቆብ አድርጋለች፤ ከት ብላ ሳቀች።

«አባባ፣ አይ አም ፋይን! ይውጡ እንጂ፣ ጨዋታውን አስቆሙት እኮ!»

አሰልጣኙ ዴክለን ምርኩዜን አይቶ አንድ ነገር ጠየቃት። «ቡድናችን ውስጥ ይግቡ ይላል» አለችኝ። እዚህ አገር ጨዋታውን የሚያውቅ ስለሌለ ሰው ለማብዛት መንገደኛውን ሁሉ ይለምናል።

ቆቡን አስወልቄ ፊቷን አገላብጬ አየሁ። ጭረት እንኳ የለባትም። ልቤ ያን ጊዜ ተመለሰልኝ።

«እኔ አልገባም፤ አንቺ ግን ተጫወቺ» አልኋት። «ቅልጥምሽ ባዶ ነው። እሱ ሳይሸፈን ከዚህ ንቅንቅ አልልም፤ ንገሪው።»

ዴክለን የራሱን የቅልጥም መከላከያ ፈትቶ ሰጣት። እኔም ወጣሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ወይዘሮ ዘርትሁንንና የዕድሩን ሰዎች ሁሉ ሰላም በልልኝ። ስለ ሉሊት የሚጠይቅህ ካለ፣ ጥርሷ ሙሉ ነው በል።

ዓምደሚካኤል