ማንም የለበትም ያልኩት ቦታ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1960 ዓ.ም

ማንም የለበትም አልኩ።

የቤት መሥሪያ ቦታ የሚያከፋፍለው ቀያሽ ችካሎቹን በብብቱ ይዞ፣ «እርስዎ አገሩንም ቋንቋውንም ያውቃሉ ይባላል። እዚህ ቦታ ላይ ሰው አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ባሌ ደምሴ አጠገቤ ቆሟል። አሮጌው የከብት በረት፣ የእሾህ አጥሩ ፊት ለፊታችን ነው። ማንም የለበትም አልኩ። እሱም ጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ።

ቦታው የቱሜ ነው። ቱሜ ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት ናት። ሙሉን በወለድኩ በወሩ ታምሜ ጡቴ ሲደርቅ ልጄን በላሞቿ ወተት ያሳደገችልኝ እሷ ናት። በጥር ከብቶቹ ውሃ ፍለጋ ወደ ዳዋ ወንዝ ሲወርዱ የወተት ጮጮዋን እኔ ዘንድ አስቀምጣ ሄደች። «ዝናብ ሲመጣ እመጣለሁ፣ ሀዳ ሙሉ» አለችኝ። የሙሉ እናት ማለቷ ነው፤ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ጮጮው አሁን ይህን ስጽፍ ከራስጌዬ ተሰቅሏል። ፊቴን አዙሬ ተቀምጫለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 23

ደምሴ ጡረታ ወጥቷል። የጦር ካምፑን ቤት እስከ ግንቦት መጨረሻ እንድንለቅ ተነግሮናል። ያሉንን ምርጫዎች ልጻፋቸው፤ ሲጻፉ ምናልባት ቀና እሆን ይሆናል።

ጎጃም፦ የደምሴ አገር። ወንድሙ ድርሻችንን አሥራ ስምንት ዓመት አርሶታል። ልቀቅ ብንለው ጦር ይማዘዛሉ።

ሜጋ፦ የድሮ ጓደኛው መኪና መንገድ ዳር ሻይ ቤት ከፍቶ «ኑና አብረን እንሥራ» ብሎ ጽፏል። ደምሴ ሻይ ሲያቀርብ አይታየኝም። ደንበኛውን አሰልፎ ያስቆጥረዋል።

ከሸለቆው ማዶ፦ እዚሁ ነገሌ። ቀይ ድንጋይ ነው። ውሃ የለ፣ ሲዘንብ መሻገሪያ የለ፣ ከጎኑ ቄራ።

የቱሜ ቦታ፦ ግራር አለው። ለቤት የሚሆን ውሃ ቅርብ ነው። ሙሉ ትምህርት ቤት በእግሯ ትደርሳለች።

ከተማው እንደ ተደፋ ውሃ በየአቅጣጫው እየሄደ ነው። አምና ጅብ ሲጮህበት የነበረው ዘንድሮ ቆርቆሮ ለብሷል። እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል። ይህን ዛሬ ለራሴ ስድስት ጊዜ ያህል ነገርኩት። እውነት ቢሆን አንዴ ይበቃው ነበር።

የካምፑ ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ከጎናችን ያለው ቦታ ደርሷታል። «አጥር ሳይለየን እናረጃለን» ብላ አቀፈችኝ። እኔም አቀፍኳት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

ዛሬ የባሰ ነገር ሆነ።

ምሳ ይዤለት ስሄድ ደምሴ ላብ በላብ ሆኖ መሠረት እየጣለ ሳለ ደረስኩ። «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» አለኝ። «አንዱ ገበሬ ማሳውን ሲመነጥር የለቀመውን ድንጋይ እዚህ ከምሮልን ሄዷል።»

እዚህ ገበሬ የት አለ? ይሄን ሁሉ ዓመት ቦረና ኖሮ ዛሬም ድንጋይ ተከምሮ ሲያይ የሚታየው የጎጃም ማሳ ነው።

በበረቱ በር አጠገብ የነበረው ያ ክምር የቱሜ ባል አባት መቃብር ነው። አምና ወስዳ አሳይታኛለች። እሷ አንድ ድንጋይ አንስታ ጨመረችለት። እኔም አንድ ጨመርኩ።

አሁን ግማሹ የኔ ቤት መሠረት ሆኗል። ሁለት ረድፍ፣ ቀጥ ያለ፣ በገመድ የተለካ። ደምሴ በጦሩ ውስጥ ድልድይ ሠሪ ነበር፤ እጁ መጥፎ ሥራ አያውቅም።

ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። «ምሳህ ሳይቀዘቅዝ ብላ» የሚል ወጣኝ። እሱ ሲበላ እኔ እዚያው ቆሜ የቱ ድንጋይ የኔ እንደነበር እፈልግ ነበር። ሁሉም አንድ ሆነብኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 25

ዘነበ።

ሌሊቱን ጀምሮ እስከ ረፋድ አላባራም። የካምፑ ሰው በርሜሉንም ባልዲውንም ይዞ ደጅ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሙሉ በጭቃው መሐል «ቱሜ ልትመጣ ነው» እያለች ዘለለች። እኔ ብቻ ነኝ በነገሌ ዝናብ የፈራሁ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ነቅዟል። ከሰዓት በኋላ ደምሴን ከአልጋው ጫፍ አስቀምጬ ሁሉን ነገርኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ። ቤት ውስጥ ነን፣ ግን አወለቀ።

«መቃብር ነው ያፈረስኩት?» አለ።

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ቦታውን ስለወደድኩት አልኩት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ የለም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጆቹን አያቸው፣ ከዚያ ሄዶ ታጠባቸው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26

ጠዋት ቀያሹ ዘንድ ሄድን።

«ማክሰኞ ማንም የለበትም አሉኝ» አለ። «ዛሬ ደግሞ ሰው አለበት ይሉኛል።»

«የሞተ አለበት» አልኩ። «በሕይወት ያሉትም እየመጡ ነው። ያኔ የዋሸሁ እኔ ነኝ፤ ጻፉት።»

ጻፈ። እስክሪብቶውን ከደነና እንዲህ አለኝ፦ «መቃብሩን ከልዬ እተወዋለሁ። የቀረው በረት ግን ለአራት ሰው ተሸንሽኗል። እሱን መመለስ አልችልም። የተሸነሸነውም በእርስዎ ፊርማ ነው።»

በትሕትና ነው የተናገረው። ፊርማዬን ለማየት ወረቀቱን እንኳ አላዞረውም።

ለእኛ ከሸለቆው ማዶ ሰጠን። የአስካለ ቦታ በመቃብሩ ክልል ምክንያት ከጎኑ ተቀነሰ። «ለወተት ሻጭ ብለሽ ነው እኔን እንዲህ ያደረግሽኝ?» አለችኝ። ማታ በራችን ላይ ስታልፍ ሰላምታ ነፈገችኝ። አልፈርድባትም።

ከሰዓት በኋላ እኔና ደምሴ መሠረቱን አፍርሰን ድንጋዩን አንድ በአንድ መለስን። ትልልቁን እሱ፣ ትንንሹን እኔ። ስንጨርስ ራቅ ብሎ አየውና ተመልሶ የተጣመመውን አቃና።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከግቢው አልገባሁም፣ ከውጭ ተሳልሜ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ቱሜ መጣች።

«ናጋ፣ ሀዳ ሙሉ? ፈያ?» አለች፣ እንደ ወትሮው ደህንነቴን እየጠየቀች። ከስታለች። ሁለት ላሞች መንገድ ላይ ሞተውባታል። ሙሉ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔ አብረን እንሂድ አልኳት፤ ብቻዋን እንድታየው አልፈለግሁም።

መንገዱን ሁሉ ስለ ዳዋ አወራችኝ። ችካሎቹ ጋ ስንደርስ አንዱን በእግሯ ነካችው። መቃብሩ ዘንድ ሄዳ ቆመች።

«ይሄን ማነው እንዲህ ያሳመረ?» አለች።

ያኔ አየሁት። ክምሩ አራት ማዕዘን ሆኗል። ጠርዙ ቀጥ፣ ፊቱ ልስልስ። ደምሴ አቃናሁ ብሎ ግንብ ሠርቶለታል። የቦረና ክምር እንዲህ አይደለም።

«እኛ ነን» አልኩ።

የቀረውን በኦሮምኛ ነገርኳት። አማርኛ ለማመካኘት ይመቸኛል፤ በኦሮምኛ የማውቃቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ዋሸሁ። ፈረምኩ። ባሌ አያውቅም ነበር፣ እኔ አውቅ ነበር። ይኸው ነው።

አልጮኸችም። ብትጮህ አቀርቅሬ እቀበል ነበር። ከግንቡ ጫፍ አንዱን ድንጋይ አንስታ በዘፈቀደ ላዩ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረች።

«ላም አጥሩን ታውቃለች» አለች። «ሲመሽ ማንም ሳይነዳት እዚህ ትመጣለች። እኔ ምን እላታለሁ?»

 

ቤት ስንመለስ ጮጮዋን ከራስጌዬ አውርጄ ሰጠኋት። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ቱሜ ጮጮዋን ሁልጊዜ በጢስ አጥና ነው የምትይዘው፤ እኔ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላጠንኩትም። ከደነችው።

«ያንቺ ቤት የት ነው አሁን?» አለችኝ።

«ከሸለቆው ማዶ።»

«ፋጎ» አለች። ሩቅ ነው ማለቷ ነው።

ጮጮዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ሄደች። ሩቅ ነው ያለችው በማለዳ እነሣለሁ ለማለት ይሁን ከእንግዲህ አልመጣም ለማለት፣ ከፊቷ ላነበው አልቻልኩም።

ሙሉ ነገ ወተት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ብቻ ቱሜ ጠዋት ጠዋት ወተት የምትቀዳልንበትን ጣሳ አጥቤ ደጃፉ ላይ ደፍቼዋለሁ።